«ኩሩ ፎሶሊያ»፦ የራሳችን ቦሎቄ በቱርክ ሱቅ ባንኮኒ ላይ

የተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፦

ጋዜጣችሁ ስለ አዳማ ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው የፍጥነት መንገዱን፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩንና የመሬት ጉዳይን ስለሆነ፣ ስለ አንድ ድስት ወጥ ብጽፍላችሁ ቦታ ትሰጡኝ ይሆን ወይ እያልኩ ሁለት ሳምንት ያህል አመነታሁ። ይሁንና ወጡ የተሠራበት እህል እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመጋዘን ስመዝነውና ስመዘግበው የኖርኩት ቦሎቄ በመሆኑ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከቤቴ ብዙም በማይርቅ መንገድ ዳር አንድ ቱርካዊ ሱቅ ከፍቷል። በበሩ ላይ «የቱርክ ግሮሰሪ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ይህ ቃል በአገራችን ቢራና አረቄ የሚጠጣበትን ቤት ስለሚያስታውስ፣ ሐጂ ጎረቤቴ ለወራት በዚያ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን አዙረው ነበር የሚሄዱት። እኔም ብሆን ሙስሊም ነው የተባለ ሰው እንዴት ግሮሰሪ ከፈተ እያልኩ ስገረም ከርሜያለሁ። ልጆች እየገቡ ብስኩትና ከረሜላ ይዘው ሲወጡ ሳይ ነው የሸቀጥ ሱቅ መሆኑ የገባኝ። ማስታወቂያውን የጻፈለት ሰው ቃሉን ከፈረንጅ መዝገበ ቃላት አንሥቶ ሰጥቶት መሆን አለበት፤ ቢቻል ቢያስተካክለው ገበያም ያገኝበት ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ገባሁ። ሱቁ ጠባብ ቢሆንም እስከ ጣሪያው ድረስ ተሞልቷል፤ በጨው ውኃ የተዘፈዘፈ የወይራ ፍሬ፣ ቀይ የምስር ክክ፣ ቀቅለው ካደረቁ በኋላ የሚከኩትና የእኛን ቅንጬ የሚመስለው ቡልጉር፣ ከሰሊጥ የሚፈጨው ጣሂን፣ እንደ ሽሮፕ የወፈረ የሮማን ጭማቂ፣ የደረቀ አፕሪኮትና በለስ ተደርድሯል። ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ደግሞ መስታወት የለበሰ ባንኮኒ፣ በውስጡ አራት ትሪ ምግብ፣ ከፊቱም ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ሾፌሮች፣ አንዲት ልብስ ሰፊና መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ የባንክ ሠራተኛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ። በቱርክ አገር ይህን መሰሉን ቤት «ኤስናፍ ሎካንታሲ» ይሉታል፤ የነጋዴና የእጅ ሠራተኛ ምግብ ቤት እንደማለት ነው። ጠዋት የተሠራው ወጥ በባንኮኒው ላይ ለዕይታ ይቀርባል፣ ተመጋቢው በጣቱ ያመለክታል፣ ያመለከተው ይጨለፍለታል። የምግብ ዝርዝር ማገላበጥም ሆነ አስተናጋጅ ለመጥራት ማጨብጨብ አያስፈልግም።

የሚያስተናግደው ወጣት የአዳማ ልጅ ነው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አሳምሮ ይናገራል፣ ቱርክኛውንም እዚያው በሥራ ለምዶታል። የጾም ምግብ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ወደ ባለቤቱ ዞሮ ተነጋገረና ባለቤቱ ራሱ ከድስቱ በላይ ሆኖ «ኩሩ ፋሱልዬ» አለኝ። በእኔ ጆሮ የገባው «ኩሩ ፎሶሊያ» ነው። እኛ ፎሶሊያ የምንለው አረንጓዴውን፣ ከካሮት ጋር የሚጠበሰውን ስለሆነ፣ ይህ ደግሞ በምን ቢኮራ ነው እያልኩ በሆዴ እየሳቅኩ ተቀመጥኩ። የቀረበልኝ ግን በቀይ መረቅ የተዘፈቀ ነጭ ቦሎቄ ነበር። «ኩሩ» በእነርሱ ቋንቋ ደረቅ ማለት ነው፤ ደረቁን ፍሬም እርጥቡን ቅርፊትም በአንድ ስም ፋሱልዬ ብለው ይጠሩና፣ አረንጓዴውን ለመለየት «ታዜ» የሚል ቃል ያስቀድሙበታል። እኛ ስሙን ለአረንጓዴው ብቻ አስቀርተን ደረቁን ቦሎቄ አልነው፤ አንዱ አትክልት ሆኖ ሆቴል ገባ፣ ሌላው እህል ሆኖ መጋዘን ቀረ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በዚህ ወጥ ጎን በቱርኮች ልማድ የሚቀርበው ሩዝ ነው። ወጣቱ ሩዙን መጨለፍ ሲጀምር ባለቤቱ እጁን ያዘውና በቱርክኛ አንድ ነገር አለው፤ ለካ ሩዙ በቅቤ የተቁላላ ኖሯል። እኔ ስለ ሩዙ አልጠየቅኩም ነበር፤ ጾም ማለቴን ግን ሰውየው ይዞታል። በምትኩ ትኩስ ዳቦ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያና በአራት የተሰነጠቀ ጥሬ ሽንኩርት አስቀመጠልኝ። የጾም ነው ተብሎ በቅቤ የታሸ ሽሮ ከአንዴም ሁለቴ ስለቀረበልኝ፣ ይህ ጥንቃቄ ከወጡ እኩል አስደነቀኝ።

ወጡን ልግለጸው። ፍሬው ሙሉ ነው፤ ቅርፊቱ አልተገፈፈም፣ አልተሰነጠቀም፣ በምላስና በላንቃ መካከል ሲጫኑት ግን እንደ በሰለ ድንች ፍርክስ ይላል። መረቁ ቀጭን ሆኖ ከፍሬው በወጣ ስታርች ትንሽ ወፈር ብሏል፤ በርበሬው አለ፣ አያቃጥልም። ዳቦውን እያጠቀስኩ ሳህኑን ጨረስኩና ወጣቱን ጠርቼ ቦሎቄው ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። መደርደሪያው ላይ ከቱርክ የመጣ ባለ አንድ ኪሎ የታሸገ ቦሎቄ አይቼ ነበር፤ ዋጋው ከእህል ገበያችን ከእጥፍ በላይ ነው። ባለቤቱ ጥያቄውን ሲተረጉሙለት ሳቀና ከባንኮኒው ሥር ያለውን ጆንያ በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው። እጄን ከተትኩ። ትንሽ፣ ነጭ፣ ድቡልቡል ያለ ፍሬ ነው። አንዱን በጥርሴ ነከስኩት፤ በመጋዘን እርጥበቱን የምንፈትነው እንደዚያ ነበርና፣ «ቀጭ» ብሎ ለሁለት ተሰበረ። የእኛው ነው። ለአገሩ ሰዎች ለወግ ያህል የታሸገውን ይሸጣል እንጂ ድስት ውስጥ የሚገባው የስምጥ ሸለቆ ቦሎቄ ነው።

እዚህ ላይ ስለዚህ እህል የማውቀውን ላስረዳ። በአዳማ ዙሪያ፣ በቦሰት፣ በሉሜ፣ ወደ ታችም እስከ ሻሸመኔ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ነጩን ቦሎቄ ክረምቱ ሲገባ ይዘሩና በሦስት ወር ገደማ ያነሡታል። ከጤፍ ቀድሞ ስለሚደርስ፣ ቤት ውስጥ ገንዘብም ቀለብም በጠፋበት ወቅት የልጆችን ደብተርና የመስከረምን ወጪ የሚሸፍነው እርሱ ነው። የዘሩ ዓይነት በእኛ ዘመን አብዛኛው ሜክሲካን 142 ነበር፤ ኋላ ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት አዋሽ 1 እና አዋሽ መልካ ተጨመሩ። ዛሬ ነጭ ቦሎቄ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩት እህሎች አንዱ ነው፤ ጉዞውም በአብዛኛው ወደ ውጭ አገር ነው። አውሮፓ ውስጥ በቲማቲም ስጎ ተነክሮ በቆርቆሮ ይታሸጋል።

ቆርቆሮ አሻጊው ጥብቅ ገዢ ነው፤ አንድ ዓይነት መጠን፣ አንድ ዓይነት ቀለም ይፈልጋል። ስለዚህ ከገበሬው የመጣው ቦሎቄ መጋዘን ሲደርስ በወንፊት ይነፋል፣ ከዚያም ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው በእጃቸው ይለቅሙታል። ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ፍሬው ሰፌድ ላይ ሲንሸራተት ካፊያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያወርደው ዓይነት ድምፅ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ። የተሸበሸበው፣ የተከካው፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ ነቀዝ የበሳው ወደ አንድ ጎን ይጣላል። ይህ ለቅሞ የተጣለው አይደፋም። ካለፈው ዓመት ከተረፈው ጋር ተደባልቆ በርካሽ ለከተማው ገበያ ይሸጣል። እኔም ሠራተኛ በመሆኔ ቅናሽ እየተደረገልኝ ለቤቴ የምወስደው ሁልጊዜ ከዚያ ክምር ነበር።

እንግዲህ የአዳማ ሰው ስለ ቦሎቄ የሚለውን አስታውሱ፦ አይበስልም፣ ከሰል ይጨርሳል፣ ሆድ ይነፋል። ባለቤቴ ግማሽ ቀን ቀቅላው ግማሹ ገንፎ፣ ግማሹ ጠጠር ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። የተከካውና ሙሉው፣ የዘንድሮውና የአምናው በአንድ ድስት ገብቶ እንዴት እኩል ይበስላል? በሞቃት መጋዘን የከረመ ቦሎቄ ቅርፊቱም ውስጡም እየጠነከረ ይሄዳል፤ የቱንም ያህል ቢቀቀል ያ ጠጠርነቱ ሙሉ በሙሉ አይለቀውም። በዚህ ላይ አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃችን ከ95 ዲግሪ አካባቢ አልፎ አይሞቅም፣ ጥራጥሬም ቆላ ወርዶ ከሚበስለው ይልቅ ይዘገያል። ወቀሳው ሁሉ ግን በእህሉ ላይ ወደቀ። ምርጡን ሸኝተን ግርዱን እየበላን፣ በግርዱ ምክንያት መላውን ዘር አማነው ማለት ነው። ሐዋሳና ወላይታ ያሉ አንባቢዎች በዚህ ሊስቁብኝ ይችላሉ፤ እነርሱ ዘንድ ቀዩ ቦሎቄ የቤት እህል ነው፣ ከበቆሎ ጋር ተነፍሮም በወጥም ይበላል። የእኔ ነገር የነጩና የነጩ አገር ነው።

ባለቤቱን በወጣቱ በኩል አሠራሩን ጠየቅኩት፤ ምስጢር አላደረገውም። ቦሎቄው ማታ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት ውኃው ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ይቀቀላል። የመዘፍዘፊያውን ውኃ መድፋት ሆድ መንፋቱንም ይቀንሰዋል። መጀመሪያ በኃይል መፍላት አለበት፤ ጥሬው ወይም ሳይበስል የቀረው ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ ነገር በውስጡ ስላለ በለስላሳ እሳት ብቻ መጀመር አያዋጣም። ሽንኩርቱ በሌላ ድስት በዘይት ይቁላላል፣ ሳልሳው ይጨመርበታል፣ ከዚያ ለስልሶ የበሰለው ቦሎቄ ይገባና አብሮ ቀስ እያለ ይንተከተካል። ቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ፦ ቲማቲም ኮምጣጣ ነው፣ ፍሬው ሳይለሰልስ ከገባ ቅርፊቱን ያደርቀዋል። በእኛ ቤት ሁልጊዜ ቲማቲሙና ቦሎቄው አብረው ነበር የሚጣዱት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንሳሳት የኖርንበት ነገር ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በታደልን።

ሳልሳ ካልኩ አይቀር፣ እነርሱም የሚሉት «ሳልቻ» ነው። ለካ ቃሉ ከጣሊያን ተነሥቶ ወደ እነርሱም ወደ እኛም መጥቷል። ባቄላንም «ባክላ» ይሉታል፤ ይህ ደግሞ ከዓረብኛ የተወረሰ ነው። ለመግባባት ባሰብኩት ያህል አልተቸገርኩም። የመርቲን የቲማቲም ሳልሳ አሳየሁትና አሽትቶ፣ ቀምሶ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ በማግስቱ ባንኮኒው ጀርባ ሦስት ቆርቆሮ አየሁ።

ኢስታንቡል ውስጥ በሱለይማኒዬ መስጊድ ትይዩ በዚሁ ወጥ የታወቁ ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ሰውም ቦሎቄ በሩዝ ሊበላ ተብሎ ከሩቅ ሰፈር ይመጣል። የአዳማ ሰው ቦሎቄ ለመብላት ከቤቱ ተነሥቶ የሚሄድበት ቤት ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ስምንቱን የጾም ሳምንታት ከበያይነቱ ወደ ሽሮ፣ ከሽሮ ወደ ፓስታ ስንዘዋወር እንከርማለን። 100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን እንዳለው ሐኪሙም የግብርና ባለሙያውም ይነግሩናል፤ ሥጋና እንቁላል በተወደደበት በዚህ ዘመን ይህ ለማንም ቤት ትንሽ ነገር አይደለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐጂን አሳምኜ ይዣቸው ሄድኩ። ከእኚህ ሰው ጋር ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ አጥር ተጎራብተናል፤ በሠርግም በለቅሶም አብረን ነን፤ ማዕድ ሲቀርብ ግን፣ እንደ አገራችን ወግ፣ የእርሳቸው ድስት ሌላ የእኔ ድስት ሌላ ነው። በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ከአንድ ድስት የተጨለፈ ትኩስ ወጥ ስንበላ፣ ሐጂ ሳህናቸውን አየት አድርገው፣ «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ምን ስንሠራ ነበር?» አሉኝ። እርግጥ ከባንኮኒው ትሪዎች በሁለቱ ላይ ሥጋ አለ፣ በዚያ እያንዳንዱ እንደ እምነቱ ያድርግ። የቦሎቄው ድስት ግን በዘይት እስከተሠራ ድረስ ማንንም አያስቸግርም።

ሙገሳ ብቻ እንዳይሆንብኝ ቅሬታዬንም ልጻፍ። በሱቁ ካሉት ዕቃዎች አብዛኞቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ቱርክኛ ብቻ ነው። ለልጅ ልጆቼ የእንጆሪ ማርማላታ መስሎኝ ቀይ ማሰሮ ገዝቼ ሄድኩ፤ ዳቦ ላይ ተቀብቶ ሲቀመስ የቃሪያ ድልህ ሆኖ ተገኘ። ትንሹ ልጅ አሁንም «የአያቴ ማርማላታ» እያለ ያላግጥብኛል። ይህ ቀልድ ሆኖ ያልፋል፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን በማያነበው ጽሑፍ ምን ያህል ስኳርና ጨው እንደሚወስድ በምን ያውቃል? የሚያበቃበት ቀንስ? አስመጪዎች በማሸጊያው ላይ አነስተኛ የአማርኛና የኦሮምኛ ወረቀት መለጠፍ አያቅታቸውም። በባንኮኒው ትሪዎች ላይም «የጾም» እና «የፍስክ» የሚል ቃል ቢጻፍ፣ ባለቤቱ በሌለበት ቀን የሚመጣ ጿሚ ቅቤ ያለበትን ሩዝ አይበላም ነበር።

ዋናው አቤቱታዬ ግን ለእኛው ሰዎች ነው። ቦሎቄ ወደ ውጭ መላኩን አልቃወምም፤ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ትፈልጋለች፣ ገበሬውም ገበያ ይፈልጋል፣ እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ መጋዘን ደመወዝ ነው። የምጠይቀው የእህል ነጋዴዎቻችን ከተለቀመው፣ ከዘንድሮው ምርት፣ ጥቂት ኩንታል እንኳ ለከተማው ገበያ ለይተው እንዲያስቀሩና በየትኛው ዓመት የተመረተ መሆኑን በጆንያው ላይ እንዲጽፉ ነው። ዋጋው ከግርዱ ከፍ ይላል፤ ይበል። በከሰሉ የሚተርፈው ያካክሰዋል፣ መግዛት የማይችልም ግርዱ አይጠፋበትም። ምግብ ቤቶቻችን ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አንድ ድስት ቦሎቄ ይሞክሩ፤ በእንጀራም ይሄዳል፣ ሞክሬዋለሁ፣ መረቁን ትንሽ ማወፈር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጋዜጣችሁም ስለ ቦሎቄ የሚጽፈው የወጪ ንግድ ገቢ ሲገለጽ ብቻ ባይሆን ደስ ይለኛል፤ በገበሬው፣ በለቃሚዎቹና በምግብ ቤቱ መካከል ያለውን መንገድ ተከትሎ የሚዘግብ ሰው ብትልኩ መጋዘኖቹን የማሳየት ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።

ከባለቤቱ ጆንያ ሁለት ኪሎ እንዲሸጥልኝ ለምኜው ነበር፤ ሸጠልኝ። ያለፈው ዓርብ ባለቤቴ ማታ ዘፍዝፋ፣ ሳልሳውን አዘግይታ፣ እንደተነገረኝ አድርጋ ሠራችው። ከድስቱ አንድ ፍሬ በማንኪያ አውጥታ፣ እፍ ብላ ቀመሰችና ቆም አለች።

«ይህን ከቱርክ ነው የሚያመጣው?» አለችኝ።

«ከቦሰት ነው» አልኳት። አላመነችኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የእህል መጋዘን መዝጋቢ
ከአዳማ